ከጉድጓዱ አጠገብ የፈታሁት ጨርቅ

ኅዳር 2፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ዛሬም ሦስታችን ብቻ። እኔ፣ ባሌ አስማማውና ልጃችን ሂሩት። ቡናው ቀልቶ መሬት እየረገፈ ነው። አምና በደቦ ሁለት ቀን የፈጀ ለቀማ፣ ዘንድሮ ገና አንድ ጥግ ላይ ነን። እምቢ ያለን ሰው የለም። አንዱ አሞኛል፣ አንዷ እንግዳ አለብኝ፣ ሌላው መቲ ከተማ ልወርድ ነው ይላል። ሰፈሩ በሙሉ ባንድ ሳምንት ታመመ፣ እንግዳም መጣበት። ልስቅ ነበር፤ የአስማማውን ፊት ሳይ ተውኩት።
ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ ጉድጓዳችን ውስጥ ወድቀው ከሞቱ ዛሬ ሦስት ሳምንት ሆነ።

ኅዳር 4፣ ከሰዓት
ደብተሬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን።
ጉድጓዱን አስማማው የቆፈረው ለከርከሮ ነው፤ በቆሎውን ሊጨርሰው ነበር። ውስጡ ሹል እንጨት፣ ላዩ ቅጠል። እዚህ እንዲህ ያለ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው አጠገቡ እንጨት ተክሎ ጨርቅ ያስራል፣ አላፊው አይቶ እንዲዞር። አስማማውም አስሯል።
የፈታሁት እኔ ነኝ።
ቡና ተሸክሜ ስመለስ የጆንያው ማሰሪያ ተበጠሰ። ቤት አድርሼ እመልሰዋለሁ ብዬ ጨርቁን ወሰድኩ። ዝናብ መጣ። የተሰጣውን ቡና ሳስገባ፣ ስሸፍን፣ ረሳሁት። በማግስቱ ማለዳ ጋሽ በቀለ የደቦውን ቀን ሊነግሩን በአቋራጭ መጡ። በቃሬዛ ተሸክመናቸው መቲ ጤና ጣቢያ ሳንደርስ አረፉ።
አስማማው ማሰሩን ለሰው ሁሉ ተናገረ። ጨርቁ ተፈለገ፣ የለም። ውሸታም አሉት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ማታውን ጨርቁን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ኅዳር 7፣ እሁድ
ቤ/ክ ሄድኩ፣ ብቻዬን። አስማማው ሰው ፊት መቆም አልቻለም። አጠገቤ የነበሩት ሁለት ሴቶች ውሃ ልንጠጣ ብለው ተነሡ፤ አልተመለሱም።
የጋሽ በቀለ ሚስት እትዬ የሺ ግን ከሩቅ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። አዘኑልኝ! ግዴለሽ ባል ያላት ምስኪን መሆኔ ነው። ምነው በሰደቡኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ ቤት ስደርስ ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። ሂሩት ት/ቤት አጠገቧ የሚቀመጥ እንደሌለ ነገረችኝ። እንዲሁ እንደ ወሬ ነው ያወራችው።

ኅዳር 10
ሽማግሌዎች መጡ። ውሃ እንኳ አልቀመሱልንም። ፍርዳቸው ይህ ነው፦ እሁድ አስማማው ድንጋይ ተሸክሞ እትዬ የሺ ደጅ ይቆማል፣ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ይቅር ካሉት ሰው ወደ ቤታችን ይመለሳል። ካላሉት ቡናውንም ቤቱንም ትተን መሄድ ነው። የት እንደምንሄድ አላውቅም።
አስማማው እሺ አለ፣ ክርክር የለ ምን የለ። ወንዝ ወርዶ ድንጋዩን መርጦ መጣ። ከባዱን።

ኅዳር 12፣ 11 ሰዓት

አስማማው ከጓሮ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እንዲህ አለኝ።
«አስታወስኩት እኮ። ጨርቁን አላሰርኩትም። በእጄ እንደያዝኩት ሌላ ነገር ጠርቶኝ ስሄድ ይታየኛል። ሰው አይዋሽም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት።»
ሲያስር ያየሁት እኔ ነኝ! ሁለቴ ቋጠረው፣ ስቦም ሞከረው። ሰው ሁሉ አላሰርክም ሲለው ጊዜ ያልሆነውን ማስታወስ ጀመረ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ምን አልኩት? «ይብቃህ፣ ራስህን አታስጨንቅ።» እንዲህ ነው ያልኩት። ባንድ ጣራ ሥር ነን፣ እንዲህ ብቻዬን ሆኜ ግን አላውቅም። ራሴን ጠላሁት።

ኅዳር 13
ምንም አልተናገርኩም። ቡና ለቀምን።

ኅዳር 14፣ እሁድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ሽማግሌዎቹ 3 ሰዓት ይጠብቁናል። እኔ አልተጠራሁም፣ እሄዳለሁ። ድንጋዩን የምሸከመው እኔ ነኝ። ሴት ስትሸከም አይቼ አላውቅም፣ ዛሬ ያያሉ። እትዬ የሺ ያን ራስ መነቅነቅ ይመልሱት።
ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ከአንድ ወር በላይ አጠገቡ ተኝቼ ዝም ያልኩት እሱን ነው። ሰው ፊት ሊሰማው አይገባም፤ መጀመሪያ ለእሱ።
ጠራሁት። እግሩን እየታጠበ ነው። «ምነው?» አለ። የምነግርህ አለ፣ ና ተቀመጥ አልኩት።
ውሃውን ደፋ። እየመጣ ነው።