የኮምፒውተርህን ገመድ ይዤው ሄጃለሁ

አንተ ልጅ፣

ኮምፒውተርህ አልተበላሸም። የመብራት ገመዱን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሥራ ሄጃለሁ።
ሌላ ፈልገህ እንዳትሰካ። በእማዬ ሞት!

ጠዋት የተቃጠለ ላስቲክ ሸቶኝ ክፍልህ ገባሁ። ጌሙን ሳትዘጋ፣ ማዳመጫው ጆሮህ ላይ እንዳለ ወንበሩ ላይ ተኝተሃል። ጌሙ እንዳይዘገይብህ ብለህ የገዛኸውን አዲሱን ግራፊክስ ካርድ ለኮምፒውተሩ መብራት ከሚያከፋፍለው ከአሮጌው ፓወር ሰፕላይ ጋር የቀጠልክበት ሽቦ ቀልጦ ይጨሳል።

ጠራሁህ። ደግሜ ጠራሁህ።
አልተንቀሳቀስክም።

ሮጬ ገመዱን ነቀልኩት። ከዚያ አንኮራፋህ። ልቀሰቅስህ ነበር፤ እንዳልጮህብህ ፈርቼ ተውኩህ። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ፣ እንዳትዘጋው።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ደወልኩ። በተን ስትጫን ስክሪኑ የሚዘገይብህ በካርዱ አይደለም፣ እንደ ስክሪን በምትጠቀምበት ቲቪ ነው አለኝ። የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን አብራው። አዲሱን ካርድ መልስ፤ የድሮው ይበቃሃል።

በካርዱ የተጣላነውን፣ የትናንቱን ነገር... ማታ እናወራለን።

አንተ ስክሪኑ የዓይን ጥቅሻ ታህል ሲዘገይብህ ጠረጴዛ ትደበድባለህ። እኔ ዛሬ እስክታንኮራፋ ጠብቄሃለሁ።

ስትነሳ ደውል። ድምፅህን ልስማው።

እህትህ