ለ«መጨረሻዋ እንባ» ፊልም ሥራ ድርጅት፦ ጸጉር ስለ መቁረጥና ምክንያት ስለ መጠየቅ

ለክቡር ሂላሪዮን ፓንጋኒባን
የ«መጨረሻዋ እንባ» ፊልም ሥራ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ማኒላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። በተለይ ዓይንዎን እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ እጸልያለሁ፤ እኛ የሳን ፓብሎ ሴቶች በእርስዎ ፊልሞች ምክንያት ዓይናችንን ስናሻሽ ዓመታት ስላለፉ፣ ቢያንስ የአንዳችን ዓይን ደህና ቢሆን ደግ ነው። ድርጅትዎን «የመጨረሻዋ እንባ» ብለው ከሰየሙት ወዲህ አሥራ አራት የሚያስለቅሱ ፊልሞችን አውጥተዋል። የመጨረሻዋ የትኛዋ እንደሆነች እስኪነግሩን ድረስ በትዕግሥት እየጠበቅን ነው።

ክሪሳንታ ማግባንዋ እባላለሁ። ከገበያው ጀርባ ሁለት ወንበር ያላት የሴቶች ጸጉር ቤት አለችኝ፤ በአንደኛው ወንበር እኔ፣ በሁለተኛው ባልዶ እንሠራለን። ባልዶ እንደ ታላቅ እህቱ ቆጥሮ «አቴ ክሪስ» የሚለኝ፣ አሥራ ሦስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ባልደረባዬ ነው፤ እያንዳንዱን ፊልምዎን ሦስት ሦስት ጊዜ አይቶ በሦስቱም ጊዜ እንደ አዲስ ያለቅሳል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቴ አንሴልሞ ደግሞ በጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበር፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ወደ ባሕር ሄደ፤ መርከቡ ሲመለስ እሱ አልተመለሰም። ሰጥሞ እንዳይመስልዎ። ካላፓን ላይ ወርዶ ከሌላ ሴት ጋር ቤት መሥርቷል፤ ይህንንም የሰማሁት ከእህቱ ነው።

በአገራችን ሕግ ፍቺ የሚባል ነገር እንደሌለ እርስዎም ያውቃሉ። ጋብቻን በፍርድ ቤት ማስፈረስ ረጅም ዕድሜና ረጅም ኪስ ስለሚጠይቅ፣ እንደ እኔ ያለች ሴት ከባሏ የምትላቀቀው ወይ በሞት ወይ በእርስዎ ፊልም ነው። ስለዚህ አገልግሎትዎ ያለኝ ምስጋና ከፍ ያለ መሆኑን አስቀድሜ እየገለጽኩ፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ጸጉርን ይመለከታል። በፊልሞችዎ ሁሉ ፍቅረኛዋ የተዋት ልጅ መስታወት ፊት ቆማ ጸጉሯን እስከ መንጋጋዋ ትቆርጣለች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ትድናለች። በየዓመቱ በፍቅረኞች ቀን ሰሞን አዲሱ ፊልምዎ በወጣ በማግስቱ፣ ከደጄ ጀምሮ እስከ ዓሣ ሻጮቹ መደብ ድረስ ሰልፍ ይሆናል። ሁሉም ስልካቸውን ዘርግተው የተዋናይቷን ፎቶ እያሳዩ «አቴ፣ ልክ እንደዚች» ይሉኛል። እኔም ለወጉ ያህል «ማን ትቶሽ ነው የኔ ልጅ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዘንድሮ አንዷ ምን እንዳለችኝ ልንገርዎ፦ «ማንም አልተወኝም አቴ። ግን ቢተወኝስ?»

ዓምና ደግሞ ሠርጓ ሰባት ሳምንት የቀራት ልጅ ፊልሙን አይታ ስትወጣ፣ እጮኛዋ ከሲኒማ ቤቱ ደጃፍ የተጠበሰ ሙዝ ይዞ እየጠበቃት ሳለ፣ በሌላ በር ወጥታ እኔ ዘንድ መጥታ ተቆረጠች። በማግስቱ እናቷ ደጄ ላይ ቆማ «የልጄን ጸጉር መልሺ!» እያለች ገበያውን ሰበሰበችው። በሠርጉ ዕለት እኔና ባልዶ ሰው ሠራሽ ጉንጉን ሰካንላት፤ ሙሽሮቹ ሲደንሱ ጉንጉኑ ተነቅሎ ኬኩ ላይ አረፈ። የተነሡት ፎቶ አሁንም በሙሽራው አክስት ቤት ሳሎን ተሰቅሏል።

የእኔን ጸጉር ከጠየቁኝ እስከ ወገቤ ነው። አንሴልሞ ከባሕር ሲመለስ በረንዳ ላይ አስቀምጦ የሚያበጥርልኝ እሱ ነበር፤ ከሄደ በኋላ ግን የነካው ሰው የለም። ባልዶ በየፊልሙ ማግስት መቀሱን እያንቀጫቀጨ «አቴ ክሪስ፣ ዛሬስ?» ይለኛል። እኔም «ሥራህን ሥራ» እለዋለሁ። ይህ ግን ቅሬታ ስላልሆነ ወደ ቁጥሬ ልመለስ።

ሁለተኛ፤ ዝናብን ይመለከታል። በፊልሞችዎ ውስጥ ወንዶቹ ይቅርታ የሚጠይቁት ሁልጊዜ በዝናብ ነው። ክቡርነትዎ በሐምሌ ወር ወደ ሰፈራችን ብቅ ቢሉ ጎርፉ ጉልበትዎ ድረስ እንደሚደርስ በአክብሮት አስታውሳለሁ። እዚህ በዝናብ መሃል ቆሞ ፍቅሩን የሚናገር ሰው የሚያገኘው ምሕረት ሳይሆን የአይጥ ሽንት የሚያመጣውን ትኩሳት ነው። ያለፈው ክረምት ሁለት ጎረምሶች ጤና ጣቢያ የገቡት በዚሁ ነው፤ ልጃገረዶቹም ይቅር አላሏቸውም።

ሦስተኛ፤ ምክንያትን ይመለከታል፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም ይኸው ነው። በዘንድሮው ፊልምዎ ውስጥ የተተወችው ሴት እስከ ሰውየው አዲስ ቤት ድረስ ሄዳ «ለምን?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ እሱም አራት ደቂቃ ሙሉ፣ ባልዶ በሰዓት ለክቶታል፣ ምክንያቱን አንድ በአንድ አስረድቷት፣ እሷ ፊቷን ሳታዞር ቀልሏት ትሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ወንበሬ ላይ የሚቀመጡት ሴቶች ሁሉ «አቴ ክሪስ፣ ለመሆኑ ምክንያቱን ነግሮሻል?» ማለት ጀመሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጎደለኝ ባል ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያትም እንደጎደለኝ ያወቅኩት በእርስዎ ቸርነት ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም። የአንዲት ደንበኛዬን ጆሮ በመቀስ ልቆርጥ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ስለዚህ ባልዶ እንደ ፊልሙ ነጭ ቀሚስ አልብሶኝ፣ «አቴ ክሪስ፣ ስትወጪ እንዳትዞሪ! ከዞርሽ ተበላሸ!» ብሎ መክሮ ሸኘኝ። በአውቶቡስ ባታንጋስ፣ ከዚያ በጀልባ ካላፓን ገባሁ። አንሴልሞ ከወደቡ መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ከፍቷል። ሲያየኝ ሽርጡን ታጥቆ፣ ጭልፋውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አርጅቷል። የአሥራ አንድ ዓመት ዝምታውንም በአንድ ቃል ሰበረው፦

«ክሪስ! በልተሻል?»

ክቡር ሆይ፣ እኛ አገር ሰው ሲሞትም ሲወለድም ቤቱ ሲቃጠልም የሚጠየቀው ይኸው እንደሆነ ያውቃሉ። መልስ ሳልሰጠው ሲኒጋንግ የምንለውን ጎምዛዛ የዓሣ ሾርባ ከነሩዙ አቀረበልኝ። ያቃጠለኝም ያ ሾርባ ነው። ይህ ሰው ባሕር ላይ ለሠላሳ ሰው እያበሰለ፣ ቤት ሲመጣ «ማሰሮ ማየት አልፈልግም» እያለ፣ ባለቤቱ ሆኜ እጁ ያበሰለውን አንድ ቀን አልቀመስኩም ነበር። ሾርባው ይጣፍጣል። በጣም ተናደድኩ፤ ሳህኑንም ጨረስኩት።

ከዚያ «ለምን ሄድክ?» አልኩት። ጭልፋውን አየ፤ ጣሪያውን አየ። «እኔ እንጃ ክሪስ» አለኝ። «መርከቡ እዚህ ሲቆም ለሦስት ቀን ብዬ ወረድኩ። ሳምንት ሆነ። ከዚያ አፈርኩ። እንዳፈርኩ ጊዜው ረዘመ።» ይኸው ነው። አራት ደቂቃ አልሞላም፤ ዝናብም አልነበረም፤ ውጪው አናት የሚበሳ ፀሐይ ነበር።

እኔም እንደተመከርኩት ተነሣሁ፤ ፊቴን ሳላዞር፣ ወገቤን አቅንቼ እስከ መንገዱ ሄድኩ። መንገዱ ላይ አንድም ባጃጅ የለም፤ ጀልባው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው የሚነሣው፤ ጥላ የሚባል ነገርም የለም። እንዲህ ቆሜ ሳለ አንዲት ሴት ከምግብ ቤቱ ደጃፍ «አቴ! ኧረ ፀሐዩ ይገድልሻል፣ ግቢ እንጂ!» ብላ ተጣራች። ሚስቱ ፔርላ ነበረች። በፊልሞችዎ ውስጥ ተሰናብቶ የወጣ ሰው ተመልሶ ገብቶ ሁለት ሰዓት ሲቀመጥ አይቼ ስለማላውቅ፣ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግራ ገባኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ።

አንሴልሞ ዓሣ ሊገዛ ብሎ ወጣ፤ በኋለኛው በር። ፔርላና እኔ ተፋጠጥን። ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ተነሥታ የሽንኩርት ቅጠል የምትቆርጥበትን መቀስ አጥባ አምጥታ፣ «አቴ፣ ካላስቸገርኩሽ ጫፍ ጫፉን ብቻ» ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እሷ ግን መቀስ አዋሰችኝ። አንገቷ ከፊቴ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በልቤ የረገምኳት ሴት ማጅራቷ ላይ ሽበት አላት።

ያን ጊዜ ሳትዞር ቀስ ብላ «ሚስት እንዳለው የነገረኝ ልጃችን ከተወለደ በኋላ ነው» አለችኝ። «ለምን ደበቅከኝ ስለው ‹አፈርኩ› አለኝ። ሌላ ነገር አልነገረኝም፣ አቴ።»

እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ በሠላሳ ዓመት ሙያዬ እንዲያ ተጠንቅቄ የቆረጥኩት ጸጉር የለም። እያንዳንዷን ጫፍ አስተካከልኩላት። በመስታወት ስታየው እጄን ይዛ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ጀልባው ላይ ነው፤ ፔርላ በፕላስቲክ ያሰረችልኝን ሾርባ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ሰው እያየኝ። ለአንሴልሞ እንኳ አልነበረም። ሚስጥር አለ ብዬ ስቆፍር የኖርኩበት ጉድጓድ ባዶ ሆኖ ስላገኘሁት ነው ያለቀስኩት።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ አሁን ግን ጠፋብኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ትሑት ልመናዬ አንዲት ናት፤ በሚቀጥለው ፊልምዎ ሴቲቱ «ለምን?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሰውየው አንድ ጊዜ እንኳ «እኔ እንጃ» ይበል። ሴቲቱም ምሳዋን ትጨርስ፤ ጀልባዋንም ትጠብቅ። ሲኒማ ቤት ያለነው ብዙዎቻችን ማን እንደሆነች እናውቃታለን።

ላስተማሩኝ፣ ላስለቀሱኝ፣ እስከ ባሕር ማዶም ለላኩኝ ለእርስዎ ያለኝን የማይነጥፍ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለጸሐፊዎችዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለተዋንያንዎ ደረቅ መሐረብ፣ ለካሜራዎችዎም ዝናብ የማያስገባ ሽፋን እመኛለሁ።

ታዛዥዎ
ክሪሳንታ ማግባንዋ
የአንሴልሞ ማግባንዋ ሕጋዊ ሚስት፣ በሕጉ ፈቃድ እንጂ በእኔ አይደለም

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ካነበብኩለት በኋላ ባልዶ ትናንት ጸጉሬን እስከ መንጋጋዬ ቆርጦታል። በእርስዎ ፊልም ምክንያት እንዳይመስልዎ አደራ፤ ሚያዝያ ስለሆነ ሙቀቱ ነው። ከዋና ተዋናይትዎ ይልቅ ለእኔ እንደሚያምር ባልዶ ተናግሯል። ባልዶ በፍቅር ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተሳስቷል፤ በጸጉር ጉዳይ ግን አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።