በክሊኒክ በር የተሰቀለው የልጄ አጥንት

ጥር ፳፭ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.፣ መርሳ

ነፍሴ ሆይ፣ የዛሬው ቁጣሽ እንዳይበርድ ይህን ለአንቺ እጽፋለሁ።

በጦርነቱ ተባራሪ ጥይት የሰበረውን የልጄን የጥሩነሽን ትከሻ ራጅ፣ ስሟ እንደ ተጻፈበት፣ የክሊኒኩ ባለቤት ለማስታወቂያ በሩ ላይ ሰቅሎት አገኘሁ። አውርደው አልሁት።

«መሪጌታ፣ አጥንቱ የልጅዎ ነው፤ ፎቶው ግን በእኔ መሣሪያ ስለ ተነሣ የእኔ ነው» አለኝ።

ከነገ ወዲያ የእናቱ ተዝካር ነው፤ ፍትሐቱን በዜማ የምመራው እኔ ነኝ። «እንግዲያስ ሟቿ የአንተ ናት፤ ዜማው ግን የእኔ ነው፤ ያለ ዜማ ትታሰብ!» ብዬው ወጣሁ። ፊቱ አመድ ሲመስል አይቼ ደስ አለኝ፤ አሁንም ደስ ይለኛል።

ቤት ገብቼ ለጥሩነሽ ይህንኑ በኩራት ነገርኋት። በደኅናው እጇ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየሳበች እንዲህ አለችኝ፦ «አባባ፣ ራጁን የሰቀሉት እናቱ ናቸው እንዴ?»