ዱቄቱ ከየት መጣ?

ጥር 9
የተለመደ ቀን። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ አንቀላፋሁ። መምህሩም አንቀላፉ። ማንም ማንንም አልከሰሰም።

ቤት ስገባ ሬዲዮ ተቀምጣለች። (አክስቴ ናት። መዝጊያ ቁልፍ የላትም።) ድንቢጥ ሶፋው ላይ ጥቅልል ብላ ሆዷን ይዛለች። እንደገና! ታናሽ እህቴ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ለሚያያት ግን ስድስትም አይሞላት።

ሴሊያክ አለባት። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። እሱ ሆዷ ሲገባ የገዛ ሰውነቷ ተነስቶ አንጀቷን ይጎዳዋል። አባታችን ደግሞ ማን ነው? ዳቦ ጋጋሪ! ግን እኮ ስንዴ ካቆመች ከርማለች። ታዲያ ለምን አልተሻላትም?

«ትንሽ ዳቦ ብትቀምስ ምን ትሆናለች? እኛ ድንጋይ በልተን ነው ያደግነው!» አለች ሬዲዮ።

ድንጋይ እኮ ግሉተን የለውም... አልኩ፣ በሆዴ።

ጥር 14
የደም ምርመራው ውጤት መጣ። ግሉተን ሲገባ የሚጨምረው ቁጥር አልወረደም። ዶክተሯ፦ «ከሆነ ቦታ እየገባ ነው። ፈልጉት። እንዲህ ከቀጠለ ማደግም ያቅታታል።»

ቤት እንደገባን ሁሉም ድንቢጥ ላይ አፈጠጠ።

«የኔ እናት፣ ትምህርት ቤት ብስኩት ሰጡሽ? አልቆጣም» አለ አባዬ።
«አልበላሁም።»
«እውነቱን ንገሪኝ።»
«አልበላሁም አልኩ እኮ!»

ሬዲዮ የድንቢጥን ቦርሳ በረበረች። ድንቢጥ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን መልሳ ዘጋችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እኔስ አምናታለሁ? እንጃ... ብስኩት እኮ ነው።

ጥር 18
የሴሊያክ ማኅበር ስብሰባ ሄድን። ሰዉ ሁሉ የምግብ ዕቃውን ወርቅ እንደያዘ ሰው ታቅፎ ተቀምጧል። አንዱ ታክሲ ነጂ ማንኪያውን እንደ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቷል። ካልጠየቅኩ ልሞት ነው።

«ጋሼ፣ ማንኪያው ምንድን ነው?»
«የሰው ማንኪያ አላምንም። አንቺ በሰው ጥርስ ብሩሽ ትፍቂያለሽ?»

አልፍቅም። ለካ አንዲት ፍርፋሪ ሳምንት ሙሉ ታስተኛቸዋለች። አንዷ ሴትዮ አሥር ዓመት ሙሉ «ጭንቀት ነው» እየተባሉ ኖረዋል። በሽታው ስም እንዳለው ሲሰሙ በደስታ አለቀሱ። በበሽታ ደስ ይላል እንዴ? ደስ ይላል አሉኝ። ስም ካለው ትፋለሚዋለሽ።

ሰብሳቢዋ ልብስ ሰፊ ናቸው። ለትምህርት ቤቶችና ለጎረቤት የሚታይ ፊልም ይፈልጋሉ፤ እውነተኛ ማድ ቤት፣ እውነተኛ ቤተሰብ። «ቪዲዮ የሚችል ወጣት የለም?» ሲሉ ስልኬን እጄ ላይ ያየው ጋሼ ማንኪያ በማንኪያው ጠቆመኝ።

ጥር 26
ቀረጻ! እሁድ እሁድ አባዬ ለድንቢጥ ብቻ ይጋግራል። አዲስ ጣውላ፣ አዲስ ወንፊት፣ አዲስ መጋገሪያ፣ ከነማሸጊያው የተገዛ የሩዝ ዱቄት። ሁሉም ነገር አዲስ ነው። አባዬና ሽርጡ ብቻ አሮጌ።

«አባዬ፣ ይሄን የዳቦ ቤት ሽርጥ አውልቀው። ካሜራው ይደነግጣል።»
«ሠላሳ ዓመት ለብሼዋለሁ። ያለሱ እጄ አይታዘዘኝም። ቅረጺ ዝም ብለሽ!»

ቀረጽኩ። ሲያቦካ ያምራል ለካ። (እንዳይሰማ። ይኮራብኛል።)

ጥር 27
ቪዲዮው ላይ አንድ ነገር አየሁ።

ሊጡ ጣውላው ላይ ከማረፉ በፊት ነጭ ብናኝ ቡን ይላል። የሩዝ ዱቄቱ ያለው የጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ማንም አልነካውም። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?

ፍጥነቱን ቀንሼ መልሼ አየሁት። ቀኝ እጁ... ወደ ሽርጡ ኪስ ይገባል። ቆንጠር ያደርጋል። ጣውላው ላይ ይነሰንሳል። ሊጥ እንዳይጣበቅ ዳቦ ቤት ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ነው። ፊቱ ግን እያወራኝ ነው። እጁን አያየውም። እጁ ብቻውን ነው የሚሠራው!

ኪሱ ውስጥ ያለው የስንዴ ዱቄት ነው። በየእሁዱ...

ድንቢጥዬ። ቦርሳሽን በረበርንብሽ።

ጥር 28
ቪዲዮውን ከፍቼ ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁት።

«ማነው ይሄ ሽማግሌ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። «መልሺው።» መለስኩት። «አሁንም።»

እጁን ገልብጦ አየው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ሽርጡን አውልቆ ውጭ ሽቦው ላይ ሰቀለውና ድንቢጥ ፊት ቁጢጥ አለ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ ግን፦ «ቦርሳዬ የተበረበረውስ?» አለችው።

ካሜራዬን አልከፈትኩም። ሁሉ ነገር አይቀረጽም።

የካቲት 3
ጦርነት። ሬዲዮ፦ «ያንን የእጁን ቦታ ከፊልሙ ቁረጪው! ሰው ምን ይላል? ልጁን የመረዘ ጋጋሪ ዳቦ ማን ይገዛል?» አባዬም ወለል ወለሉን እያየ፦ «ባይታይ ይሻላል...»

ያ ከወጣ ምን ይቀረኛል? የሚያምር ሊጥ።

ድንቢጥ ከሶፋው፦ «እኔ ሰርቃ በላች ስባል ሁሉም ሰምቷል።»

ሬዲዮ እንኳ ጠፋች! አባዬ ቀና ብሎ ድንቢጥን አየና፦ «አትቁረጪው» አለ።

የካቲት 16
ፊልሙ የሚታይበት አዳራሽ ሞላ። ብናኙ ቡን ሲል ማንም አላየም። በዝግታ ስደግመው «እህ!» የሚል ድምፅ ከየወንበሩ ወጣ። አባዬ ሳይጠሩት ተነሳ።

«እጁ የኔ ነው። ልጄን ጠርጥሬ ነበር። እናንተም ቤት ገብታችሁ እጃችሁን እዩ።»

አንዲት እናት የስንዴውንም የልጇንም ዕቃ በአንድ ፎጣ እንደምትጠርግ ትዝ ብሏት አፏን ያዘች። ጋሼ ማንኪያ አባዬን አቀፈው። ሬዲዮ ለማያውቃት ሁሉ «ቀራጯ የወንድሜ ልጅ ናት፣ ሐሳቡ የኔ ነው» ትላለች። ተዋት።

ሰኔ 16
የደም ምርመራው ቁጥር ወርዷል! የድንቢጥ ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል፤ ሬዲዮ «ጨርቁ ነው የተሰበሰበው» ብላ ትከራከራለች።

ልብስ ሰፊዋ ሰብሳቢ ለአባዬ የቤት ሽርጥ ሰፉለት፤ ነጭ፣ ኪስ አልባ። ዛሬ ሊጡን ሊያሳርፍ ሲል ቀኝ እጁ እንደ ልማዱ ወረደ፤ ጨርቁን ዳበሰ፣ ዳበሰ...

«አባዬ፣ ኪስ የለም!» አለች ድንቢጥ፣ አፏ ዳቦ እንደሞላ።

ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ መቼ ይረሳል? እሷም አትረሳም። በየእሁዱ ወንበሯን አስጠግታ እጁን ትጠብቃለች።