ጎደለ የተባለው የቅርጫ ሥጋ

ቅዳም ሹር

እስክሪብቶውን የያዘችው ጽዮን ናት፣ የልጄ ልጅ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁጥር ግን አነባለሁ። እንደማወራው ጻፊ።

ዛሬ የሰፈራችንን በሬ አረድን። እዚህ ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ የቅርጫውን መደብ የምመድበው እኔ ነኝ። በዓይኔና በእጄ። መደቤ አነሰ ያለኝ ሰው የለም። ዘንድሮ ጽዮን ለመመረቂያዋ የሠራችውን መደመሪያ ማሽን ከጎረቤቴ ከአየለ ሚዛን ጋር አገናኝታ ካልሞከርኩት አለች። መጀመሪያ ሥጋው በአራት ትልልቅ ብልት ተመዘነ። ከዚያ እኔ ስቆራርጥ እሷ እያንዳንዱን ቁራጭ መዘነች፣ ማሽኗ ደመረች። መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው ድምር ሁለት ኪሎ ጎደለ።

ሁሉም እጄን አየ። አየለ፣ "ጋሼ፣ ሁለት ኪሎው ክንፍ አውጥቶ በረረ?" አለኝ። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

እሑድ

ዶሮው አልወረደልኝም። እጠረጥራለሁ። አየለን፤ ሚዛኑ የሱ ነው። የአራጁን ኬሻ። ማሽኗን። አንቺንም ጽዮን፤ ጻፊው። ያን ጊዜ ዝም ያልሽው ለምንድን ነው?

ለሚቀጥለው በዓል አየለ ይመድብ እየተባለ ነው አሉ። ሽንኩርት እንኳ እኩል መክተፍ የማይችል ሰው!

ሰኞ

ጽዮን ማሽኗን ፈታታችው። አስረጂኝ አልኳት። ማሽኗ ለአንድ ቁጥር ያላት ቦታ ልክ አለው። ድምሩ ባደገ ቁጥር ለኪሎ ሽራፊ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። ትንሽ ቁጥር ሲመጣ ነጥብ ለነጥብ ለማስተካከል ወደ ዳር ትገፋዋለች፤ ከዳር ያለፈው ጅራቱ ይወድቃል። በአራቱ ብልት ጊዜ የወደቀው ትንሽ ነው። ስንቆራርጥ ግን በየቁራጩ ወደቀ።

"የሚወድቀውን የሚይዝ ትርፍ ቦታ ይሠራለታል፤ ቦርዱ ላይ ቦታ ሲያጥረኝ ተውኩት፣ አባባ።"

ልታጽናናኝ ይሆናል ብዬ አላመንኳትም። በይ መቶ ኪሎ ላይ የአንድ ማንኪያ ጨው ክብደት ደምሪ አልኳት። ደመረች። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ደጋገመችው። ያው መቶ።

ነገ ይሄንኑ ለአየለ አሳዪው ስላት ፊቷ ተለወጠ። ሐሙስ አስተማሪዎቿ ፊት ትቀርባለች፤ የአየለ ልጅ ደግሞ የክፍሏ ልጅ ናት፤ ወሬው ቀድሟት ይደርሳል። የኔስ ስም? አልኳት።

ማክሰኞ

ሄደች፣ እኔም አብሬያት። አየለ ደጃፍ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ አባባ እጃቸው ንጹሕ ነው" አለች። አየለ መጀመሪያ፣ የልጅ ልጅዎ አይደለች፣ ምን ልትል ኖሯል አለኝ። ከዚያ የጨውን ነገር ራሱ በጣቱ ሞከረው። ያው መቶ። ይቅርታ የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። ለሚቀጥለው በዓል ቢላዎን ሳሉ አለኝ፣ በቃ። ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

ጽዮን ትርፍ ቦታውን ልታስገባ ማሽኗን እንደገና ይዛለች። ለሐሙስ ይድረስላት አይድረስላት አላውቅም።

አሁን ከቅዳሜ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አንቺን የጠረጠርኩበትንም ጭምር። ዘለልሽው እንደሆነ ከድምፅሽ አውቃለሁ።