ግሪሳ ፓስፖርት አይጠየቅም

ታኅሣሥ 6 ቀን 2004 ዓ.ም.
ከሚሴ

ለቀላል አውሮፕላኖች ፈቃድና ባለቤትነት ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ዋና ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ እህቴን ስላጣራችሁልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም እያልኩ፣ ከሁሉ በፊት ጤናዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ፊርማ የሚያኖሩበት ቀኝ እጅዎ ደኅና ይሆን ዘንድ ከሚሴ ያለን ሁሉ ዱዓ እናደርጋለን፤ ያ እጅ ሚያዝያ ላይ «አይፈቀድም» ብሎ ከፈረመ ወዲህ ለስምንት ወር ስላረፈ ደኅንነቱ አሳስቦናል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ከማሽላው በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ሙሀመድኑር እንድሪስ እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በመዝገብ ቤት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን በጨፋ ሮቢት አጠገብ ማሽላ የምዘራ ሰው ነኝ። ደብዳቤ የት እንደሚተኛና በየትኛው ጎኑ እንደሚገላበጥ ከልምድ ስለማውቅ፣ ይህን ለእርስዎ ብቻ ብልከው እንቅልፍ ይጥለዋል ብዬ ስለሰጋሁ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ጽፌዋለሁ። ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማሽላችን ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ ወፍ ይመጣብናል፤ ጠዋት የሰፈረበትን ማሳ ማታ ሄደው ቢያዩት አገዳ ብቻ ቆሞ ያገኙታል። ወንጭፍም ቆርቆሮም ሞክረናል። ማደሪያቸው ላይ አመሻሽቶ መድኃኒት ከሚረጭ አውሮፕላን በቀር የሚችላቸው የለም፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ከሩቅ ተለምኖ የሚደርሰው ወፎቹ በልተው ከጠገቡ በኋላ ነው። ታላቅ እህቴ ረቢአ በ1976 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወጥታ ስዊድን ገባች፤ እዚያ የአውሮፕላን ጥገና ተምራ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የትንንሽ አውሮፕላኖችን ሆድ ስትከፍትና ስትዘጋ ኖራ፣ ካቻምና ጠቅልላ ወደ ከሚሴ ተመለሰች። በባዶ እጇ አልመጣችም። አሠሪዎቿ አንዲት ያረጀች፣ ነገር ግን ረቢአ ራሷ አሥራ አምስት ዓመት የጠገነቻት የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን መርቀውላታል። እሷ አውሮፕላኗን፣ እኛ ሰባት ገበሬዎችና ነጋዴዎች ደግሞ መንደርደሪያ ሜዳውን፣ ውሃውንና የዘበኛውን ጎጆ አዋጥተን «የጨፋ ሰብል ጥበቃ በረራ ማኅበር»ን አቋቋምን። አውሮፕላኗ እስከ ዛሬ ስዊድን ውስጥ በሣጥን ታሽጋ የእርስዎን ፈቃድ ትጠብቃለች።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ እህቴ የውጭ ዜጋ መሆኗን ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን። እትብቷ ከሚሴ የተቀበረ፣ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ፣ ዛሬም በመንገድ ስታልፍ የባጃጅ ሾፌሮች ቆመው ሰላም የሚሏት ሴት ባዕድ መሆኗን ማናችንም ሳንጠረጥር ኖረናል። የስዊድን ፓስፖርት የያዘችው የምትሠራበት የአውሮፕላን ግቢ ያለ እሱ አላስገባ ስላላት ነው፤ ጽሕፈት ቤትዎ ግን ያን ደብተር አንድ ጊዜ ገልጦ እናታችን በሕይወት ዘመኗ ያልደረሰችበትን ደረሰበት። ደንቡን አልነቅፍም። ሰማይ የአገር ነው፣ ባዕድ እንዳይገዛውም መጠበቅ ተገቢ ነው። ብቻ በዚያው ሰሞን አገራችን በሌላ አገር አየር መንገድ ላይ ድርሻ መያዟን በሬዲዮ ሰምተን ሻይ ቤት ውስጥ ስናጨበጭብ፣ የእህል ነጋዴው የማኅበራችን አባል አብዱልፈታህ «የነዚያኞቹ ሰማይ ባለቤት የለውም እንዴ?» ብሎ ጠይቆኝ ጥያቄውን በዚህ ደብዳቤ ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ። መልሱን ሲያገኙ ቢልኩልን ለእሱም ለእኔም ትምህርት ይሆነናል።

ሁለተኛ፦ ስለ ታማኝነት መጠይቁ ልዩ አድናቆቴን እገልጻለሁ። አሥራ አራት ጥያቄ ያለው ወረቀት ሲላክላት ረቢአ መነጽሯን አድርጋ እንደ ተማሪ ቁጭ ብላ ሞልታዋለች። «በሁለቱ አገሮች መካከል ግጭት ቢፈጠር አመልካቿ ለማን ይወግናሉ?» ለሚለው «ግጭቱ ኅዳር ላይ ከሆነ ማሽላ ጥበቃ ላይ ነኝ፤ በሌላ ወር ከሆነ ቀጠሮ ይያዝልኝ» ብላ መልሳለች። «አውሮፕላኗ ለማን ታማኝ ናት?» ለሚለውም «ዘይቷን ለሚቀይርላት» ብላለች። ይህ መልስ በደብዳቤዎ «ግልጽነት የጎደለው» ተብሏል። እኔ በበኩሌ የመዝገብ ቤት ሰው ሆኜ ይህን ያህል ግልጽ መልስ በፋይል ውስጥ አግኝቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፦ ይህኛው የራሳችን ጥፋት ስለሆነ አንገቴን ደፍቼ እጽፈዋለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ማኅበሩ በማን ፈቃድ እንደሚመራ የአካባቢ ማስረጃ አምጡ ብሎ ሲያዘን፣ እኛ የተጠየቅነው እህታችን የኛ ናት ወይስ አይደለችም ተብለን ይመስለን ነበር። ሸህ አብዱልጀሊል የሚባሉ የከሚሴ ትልቅ ሰው አሥራ አንድ ሽማግሌ ሰብስበው፣ ፋቲሓ ቀርተው ዱዓ አድርገው፣ ልባቸው ሞልቶ የሚከተለውን አስጻፉ፦

«እኛ የከሚሴ ሽማግሌዎች ወላሂ ብለን እንመሰክራለን። ረቢአ እንድሪስ የውጭ ሰው ናት ላላችሁት፣ ኧረ በአላህ፣ ማን ነው ያሳሳታችሁ? በዚያ ማኅበር ውስጥ እሷ ሳትጠየቅ ውሃ እንኳ አይቀዳም። እሷ ያለችው ይሆናል፣ እሷ ያላለችው አይሆንም። ወንድሟ ሙሀመድኑርማ ተቀመጥ ካላለችው አይቀመጥም። ኢሼን ካን ኬኛ።»

የመጨረሻው በኦሮምኛ «እሷ የኛ ናት» ማለት ነው። አሥራ ሁለቱም ፈረሙ፤ ፊርማ የሌላቸው አውራ ጣታቸውን ነክረው አተሙ። በእኛ አገር ለሰው ከዚህ የበለጠ ምስክርነት የለም፤ ቃሏ የሚሰማ ሴት ባዕድ ልትሆን አትችልምና። በአሥረኛው ቀን የእርስዎ መልስ ደረሰን፦ «ማኅበሩ ሙሉ በሙሉ በአንዲት የውጭ ዜጋ ቁጥጥር ሥር መሆኑን የአካባቢው ሽማግሌዎች በጽሑፍ ያረጋገጡ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።» ሸህ አብዱልጀሊል ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነብበው «ያ ረቢ፣ ምስክር ሆኜ ገብቼ ከሳሽ ሆኜ ወጣሁ እንዴ?» አሉና ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። እኔም ስለ መቀመጤ የተጻፈውን እስካሁን አላስተባበልኩም፤ እውነት ነው።

አራተኛ፦ የግሪሳውን ጉዳይ በተመለከተ ለጥያቄ ያህል ብቻ። እነዚህ ወፎች በየዓመቱ ድንበር አቋርጠው ይገባሉ፤ ፓስፖርት የላቸውም፤ የማሽላችንን መቶ በመቶ ድርሻ ይይዛሉ፤ ለማን እንደሚወግኑም ሞልተው የሰጡት መጠይቅ የለም። የማጣሪያ ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ሲበዛበት ዘለላቸው እንጂ ሆን ብሎ እንዳልሆነ አምናለሁ።

አምስተኛ፦ ኅዳር ላይ ስለላካችሁልን አውሮፕላን። ወፎቹ መጥተው ስንጮህ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከውጭ ኩባንያ የተከራየውን አውሮፕላን ስለላከልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ጭራው ላይ የሌላ አገር ባንዲራ ነበረበት፤ ፓይለቱ የሦስተኛ አገር ልጅ፣ መድኃኒቱ የአራተኛ አገር ነበር። በዚያ ሁሉ ውስጥ አገር በቀል የነበረው ማሳው ዳር ቆሞ ጨርቅ እያውለበለበ መስመር የሚያሳየው አብዱልፈታህ ብቻ ነበር። ይህ እንዴት ይሆናል ብዬ አብረው የመጡትን ባለሙያዎን ስጠይቅ፣ ኪራይ ባለቤትነት ስላልሆነ የታማኝነት ጥያቄ እንደማያስነሳ በትዕግሥት አስረዱኝ። ገባኝ። ባዕድ ነገሩን ይዞት ከሄደ ችግር የለውም፤ ችግሩ ይዞት አገር ከገባ ነው።

አውሮፕላኑ በመጀመሪያው ቀን የመርጫ ፓምፑ ተበላሽቶ ጨፋ ሜዳ ላይ ቆመ። ባለሙያዎ ሁለት ቀን ሙሉ ከፍተው ሲያዩት፣ ስልክ ሲደውሉ፣ ባለቤቴ ዘሊካ የላከችላቸውን ምሳ ሲበሉ ዋሉ። በእነዚያ ሁለት ቀኖች እህቴ የት እንደነበረች ልንገርዎት። በስድሳ ሁለት ዓመቷ፣ ጉልበቷን እያመማት፣ ማሳችን መሐል ከተተከለው የጥበቃ ማማ ላይ ከሱብሂ ሶላት ጀምራ ወጥታ ወንጭፍ ስትወነጭፍ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አውሮፕላን የጠገነች ሴት በአውሮፕላኑ ፊት ለፊት በድንጋይ ወፍ ታባርራለች። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ሳቄን ይዤ ጽፌያለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተናድጃለሁ። ያን ቀን ከማማው ሥር ቆሜ ወደ ላይ ሳያት አልቅሻለሁ፤ እሷም አይታኝ «ድንጋይ አቀብለኝ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ወንጭፏን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወረደችና ወደ አውሮፕላኑ ሄደች። ባለሙያዎ ፈቃድ እንዳላት ጠየቋት። «የለኝም፤ ዞር በልልኝ ልጄ» አለቻቸው። ፓምፑን ከፍታ፣ ያለቀውን ላስቲክ አውጥታ፣ ከባጃጅ የውስጥ ጎማ ልኩን ቆርጣ፣ ከዙህር እስከ ዐስር ሶላት ባለው ጊዜ ጨርሳ እጇን በአሸዋ አጠበች። በዚያው ምሽት ተረጨ። የጨፋ ማሽላ ግማሹ ተረፈ፤ የእኔ ማሳ ከተበላው ግማሽ ውስጥ ነበር፣ አላህ የሚበጀውን ያውቃል። ትናንት በደረሰን ሪፖርት «ብልሽቱ በጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አዲስ ዕቃ ተገጥሞለት ተስተካክሏል» ይላል። የአካባቢው ኅብረተሰብም ስላቀረበው ምሳ ተመስግኗል። ዘሊካ ምስጋናውን ተቀብላለች።

እነሆ እንግዲህ የምሥራች ልንገርዎት። በደብዳቤዎ መጨረሻ የውጭ ዜጋዋ ድርሻዋን ለኢትዮጵያዊ ካስተላለፈች ጉዳዩ እንደገና ሊታይ እንደሚችል ጠቁመው ነበር። ረቢአ ባለፈው ሰኞ አውሮፕላኗን ከነሣጥኗ በእኔ ስም አዛውራለች። እኔ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም፤ ከማማው ሦስተኛ እርከን በላይ ስወጣ ራሴን ያዞረኛል፤ ፓምፕና ሞተር ለይቼ አላውቅም፤ ፓስፖርትም ኖሮኝ አያውቅም። ስለዚህ በደንባችሁ መሠረት ከእህቴ የተሻልኩ ብቁ ባለቤት መሆኔን በኩራት አመለክታለሁ። ማኅበሩ ከእንግዲህ በእኔ ፍጹም ቁጥጥር ሥር ነው። የመጪው ጥቅምት ወፎች ሳይቀድሙን ፈቃዱን እንዲሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለምን፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ከወፍ የጸዳ ሰማይን እየተመኘሁ፣ ከባዶ ጎተራና ከሙሉ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሙሀመድኑር እንድሪስ
የአውሮፕላን ባለቤት (ከሰኞ ጀምሮ)

ግልባጭ፦
ለሸህ አብዱልጀሊል፣ እንዲጽናኑ
ለአብዱልፈታህ፣ ጨርቁን እንዲያጥብ
ለግሪሳ ወፎች፣ ባሉበት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ረቢአ አንብባዋለች። ስድብ አለባቸው ብላ ሁለት አንቀጽ አስወጥታለች፤ የሚቀጥለውን እንድጨምር ያዘዘችኝም እሷ ናት፤ ተቀመጥና ጻፍ ብላኝ ተቀምጬ ጽፌዋለሁ። በውጭ ዜጋ ትእዛዝ የተጻፈ ስለሆነ ደንቡ ካልፈቀደልዎ ለሌላ ሰው ያስነብቡት። በኪራዩ አውሮፕላን ፓምፕ ውስጥ ያለው ላስቲክ የባጃጅ ጎማ ነው፤ መድኃኒቱ ይበላዋል፤ ሃያ ሰዓት ከበረረ በኋላ ይቀደዳል። ይህን ለባለሙያዎ ያኔውኑ ነግራቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አዲስ ዕቃ ተገጥሟል ብለው ስለጻፉ ማንም ከፍቶ አያየውም። ሲቀደድ መርዙ የሚፈሰው ፓይለቱ ላይ ነው። ረቢአ የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ እናቱ ከእሱ ጋር በየሳምንቱ በስልክ እንደምታወራ ግን አጫውቷታል። እባክዎ የእኛ ፈቃድ ይቆይ፤ ላስቲኩን ዛሬውኑ ያስቀይሩት።