ሚዛንዎ ያላየውን ስላየው መቀነት

ለክቡር አቶ አፈወርቅ
የቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ልዑል እግዚአብሔር ከደዌ ሁሉ ይጠብቅዎ፤ ምናልባት ቢታመሙም እንደ እርስዎ ያለ መርማሪ አይዘዝብዎ።

የሴትን ጓዳ በአደባባይ መጻፍ በአብነት ትምህርት ቤት ላደገ ሽማግሌ ነውር ነው። ሆኖም ነገሩን አስቀድመው እርስዎ ወረፋ በያዘው ሕዝብ ፊት ስለገለጡት፣ በዚያው በሕዝብ ፊት ልመልስልዎ ተገድጃለሁ።

፩ኛ. ባለቤቴ ወይዘሮ ጠጄ የኀምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ልማደ አንስት ከተቋረጠባት ሁለት ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ እግሯ እየቀጠነ ሆዷ እየገፋ ቢያስቸግራት፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ ወደ እርስዎ መጣች። እርስዎም ሚዛን ላይ አቁመው ከአምናው ሁለት ኪሎ ብቻ መጨመሯን ካረጋገጡ በኋላ፣ ሆዷን ተመልክተው «እትዬ ጠጄ፣ ጾሙ የባልዎ ብቻ ነው እንዴ?» አሏት። ወረፋው ሳቀ። ካርዷ ላይም «ምግብ ትቀንስ» ብለው ጽፈው ሸኟት። ከምርመራ ቀልድን ስላስቀደሙ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪ኛ. ትእዛዝዎ ተፈጽሟል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾም የነበረችው ሴት እስከ ምሽት ጾመች፤ ሽሮውን ትታ በቂጣ ቁራሽ ዋለች፤ በሆሳዕና ዕለትም ከቅዳሴ ስትመለስ ደጀ ሰላሙ ሥር ወደቀች። ሆዷ ግን በክብሩ እንዳለ ነበር። የጽዋ ማኅበርተኞቿ የእርስዎን ቀልድ ተቀብለው «በስውር ትገድፋለች» ስላሉ፣ ሃያ ዓመት ያልተጓደለችበትን ጽዋ ትታ ቤት ተቀምጣለች።

፫ኛ. ደብረ ብርሃን ወሰድኋት። ዶክተር ትህትና የምትባል ወጣት ሐኪም ወገቧን ለካች፣ ደሟን መረመረች፤ ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። እንዳስረዳችን፣ ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይጎድላል፤ እርሱ ሳለ በዳሌና በጭን ያርፍ የነበረው ስብ ወደ ሆድ ይፈልሳል፣ አንጀትንም ይከባል። ጡንቻ ይሳሳል፤ ሰውነትም የበላውን እንደ ድሮው አያቃጥልም፤ ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ቢያዝዘውም አልሰማ ስለሚል ስኳሩ በደም ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሚዛኑ እምብዛም ሳይነቃነቅ ሆድ ይገፋል። ረሃብ የቀረውን ጡንቻ ይበላል እንጂ መድኀኒት አይሆንም፤ የሚበጃት ባቄላና ምስር በልክ፣ በየቀኑ መራመድ፣ የሐኪም ክትትልም ነው።

በዜማ ቤት ሳለሁ አንዲት ምልክት የዘለለ ተማሪ ከአለንጋ አያመልጥም ነበር። እርስዎ ግን ሙሉ ምዕራፍ ዘልለው ለኃላፊነት በቅተዋል፤ ዘመኑ መልካም ነው።

ልመናዬ አንዲት ናት። በወረፋው ፊት የተናገሩትን በወረፋው ፊት ይመልሱ፤ ይህች ሴት ጾሟን እንዳልገደፈች፣ የሳቱት እርስዎ እንደሆኑ ይናገሩ፤ ጠጄም ወደ ጽዋዋ ትመለስ።

በሰው ፊት ማዋረድ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከእርስዎ የተማርሁ፣ ትምህርቱንም በዚህ ደብዳቤ ለመለማመድ የሞከርሁ፣ አክባሪዎ

መሪጌታ ወልደ አማኑኤል
ከመንዝ

ተጨማሪ፦ ከደብዳቤው ጋር የጠጄን አሮጌ መቀነት ልኬልዎታለሁ። ሁለት ቋጠሮ አለበት፤ አንደኛው ሳታርጥ የነበረው ወገቧ ነው፣ ሁለተኛው የዛሬው ነው፤ በመካከላቸው አንድ ጋት አለ። ለምትመጣው ሴት ይለኩበት። ከለኩ በኋላ የሚተርፈው ጫፍ ረጅም ስለሆነ፣ ቀልድ ሲመጣብዎ ለአፍዎ ይበቃል።